የኤንኤፍኤል አጋማሽ ሰንጠረዥ የሚናገረውና የሚደብቀው

በ2022 የውድድር ዘመን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች ስምንቱን አሸንፎ ሁለቱን ብቻ ተሸንፎ ነበር። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ቡድኑን ከዋንጫ ተፎካካሪዎች ተርታ ያሰልፈዋል። ያስቆጠረውን ከተቆጠረበት ጋር ላስተያየ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ስምንት ጊዜ ያሸነፈው ይህ ቡድን በድምሩ ሲታይ ተጋጣሚዎቹ ካስቆጠሩበት በ2 ነጥብ ያነሰ ነበር ያስቆጠረው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ በየዓመቱ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ግማሹን መንገድ ይጨርሳል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዚህ ሰሞን ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ ጓደኞቹ ስለ ዋይልድ ካርድ፣ ስለ ዲቪዥን፣ “ከእኛ በላይ ያሉት ቢሸነፉ” ስለሚባል ስሌት ሲከራከሩ ይሰማል። በእግር ኳስ ሰንጠረዥ የለመደ ዓይን ይህን ሰንጠረዥ ሲያነብ በቀላሉ ይሳሳታል። እዚህ እያንዳንዱ ድል እኩል ዋጋ የለውም፤ ማንን አሸነፍክ፣ በስንት አሸነፍክ፣ እነማንን አሰልፈህ አሸነፍክ የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ቁጥሩ ብዙ አይናገርም።

ጨዋታው ራሱ በአጭሩ ምን ይመስላል?

ከየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ይተላለፋል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ኳሱን በምሶሶዎቹ መካከል በእግር መትቶ በማሳለፍ 1 ነጥብ፣ ወይም እንደገና ሞክሮ መስመሩን በመሻገር 2 ነጥብ መጨመር ይቻላል። ታችዳውን ሳይገኝ በምሶሶዎቹ መካከል በእግር የሚመታው ኳስ ፊልድ ጎል ነው፤ 3 ነጥብ ያስገኛል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ብቻ ይያዝልን፤ አንድ ቡድን ኳሱን አንድ ጊዜ ይዞ በወጣበት ጉዞ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው ነጥብ 8 ነው። ስለዚህ በ8 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያለቀ ጨዋታ አንድ ኳስ ቢገለበጥ ውጤቱም ሊገለበጥ ይችል የነበረ ጨዋታ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

17 ጨዋታ ለ32 ቡድን እንዴት ይበቃል?

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ቡድኖች እርስ በርስ ደርሶ መልስ ተጫውተው 38 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ሚዛን ይመዘናል። በኤንኤፍኤል ከ2021 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን በ18 ሳምንት ውስጥ 17 ጨዋታ ብቻ ያደርጋል፤ አንዱ ሳምንት ዕረፍት ነው። ከ31 ተጋጣሚዎች አብዛኞቹን በዚያ ዓመት ጨርሶ አያገኛቸውም።

32ቱ ቡድኖች ኤኤፍሲ እና ኤንኤፍሲ በሚባሉ ሁለት ኮንፈረንሶች እኩል ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ደግሞ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜንና ደቡብ የሚባሉ አራት ዲቪዥኖች፣ በእኛ አነጋገር ምድቦች፣ አሉት። በየምድቡ አራት ቡድን አለ። አከፋፈሉ ይህን መልክ የያዘው ሂዩስተን ቴክሳንስ በ2002 ሊጉን ሲቀላቀል ነው።

የ17ቱ ጨዋታ ድልድል ቋሚ ቀመር አለው። 6ቱ ከራስ ምድብ ሦስት ቡድኖች ጋር ደርሶ መልስ ናቸው። 4ቱ በራስ ኮንፈረንስ ካለ አንድ ሌላ ምድብ ጋር፣ 4ቱ ደግሞ በሌላኛው ኮንፈረንስ ካለ አንድ ምድብ ጋር ናቸው፤ እነዚህ ምድቦች በየዓመቱ በተራ ይቀያየራሉ። 2ቱ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ደረጃ ከጨረሱ የራስ ኮንፈረንስ ቡድኖች ጋር፣ የመጨረሻው 1 ደግሞ በተመሳሳይ ደረጃ ከጨረሰ የሌላኛው ኮንፈረንስ ቡድን ጋር ነው።

ሲደመር 12 ጨዋታ በራስ ኮንፈረንስ ውስጥ፣ 5 ጨዋታ ከዚያ ውጪ ይሆናል። “አምና አንደኛ ስለወጡ ዘንድሮ ከባድ ተጋጣሚ ደረሳቸው” የሚባለው ወሬ ያን ያህል ክብደት የለውም፤ ካለፈው ዓመት ደረጃ ጋር የሚያያዙት 3 ጨዋታዎች ብቻ ናቸው። የቀሩትን 14 የሚወስነው ተራው ነው። ተራው ከጠንካራ ምድብ ጋር ያገናኘው ቡድን በአጋማሹ 4 አሸንፎ 4 ቢሸነፍ፣ ደካማ ምድብ ደርሶት 6 ካሸነፈው ቡድን የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ማን ያልፋል? ለምንስ ብዙ ያሸነፈ ቤቱ ይቀራል?

ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ 7፣ በጠቅላላው 14 ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። ይህ አሠራር ከ2020 ወዲህ የመጣ ነው። ከ7ቱ አራቱ የየምድባቸው አንደኞች ናቸው፤ ከ1 እስከ 4 ያለውን ተራ ይይዛሉ። የቀሩት ሦስቱ ከምድብ አንደኞች ቀጥሎ ጥሩ ውጤት ያላቸው ናቸው፤ ዋይልድ ካርድ ይባላሉ፤ ከ5 እስከ 7 ያለውን ተራ ይይዛሉ።

የአፍሪካ ዋንጫን የምድብ ጨዋታ አስቡት። በደካማ ምድብ አንደኛ የወጣ ቡድን በሞት ምድብ ሦስተኛ ከሆነው ያነሰ ነጥብ ይዞም ተከብሮ ያልፋል። እዚህም እንዲሁ ነው፤ የሚለየው እዚህ የምድብ አንደኛው በመጀመሪያው ዙር በሜዳው የመጫወት መብትም ስላለው ነው። በ2010 ሲያትል ሲሃውክስ 7 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። 11 ያሸነፈው ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ወደ ሲያትል መጓዝ ግድ ሆነበት፤ እዚያም 41 ለ36 ተሸንፎ ተሰናበተ። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ 2020ን ያስታውሱታል፤ ከመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 2 ብቻ ያሸነፈው የከተማው ቡድን በ7 ድልና በ9 ሽንፈት የምድቡ አንደኛ ሆኖ አለፈ።

ከዚህ በተቃራኒው ያለው ምሳሌ 2024 ነው። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ እና ዲትሮይት ላየንስ በአንድ ምድብ ሆነው ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሳምንት 14 አሸንፈው 2 ተሸንፈው ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ላየንስ 31 ለ9 አሸነፈ። በዚያ አንድ ጨዋታ ምክንያት ላየንስ የኮንፈረንሱ 1ኛ ሆኖ የመጀመሪያውን ዙር በዕረፍት አሳለፈ፤ ቫይኪንግስ 14 ድል ይዞ 5ኛ ሆነና 10 ብቻ ካሸነፈው ሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር በእንግድነት ተጋጠመ። 27 ለ9 ተሸነፈ።

ዕረፍት የሚያገኘው ከየኮንፈረንሱ 1ኛው ብቻ ነው። እስከ 2019 ድረስ 2ኛውም ያርፍ ነበር። አሁን በ1ኛና በ2ኛ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሙሉ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነው፤ በአጋማሹ ላይ ጠንካራ ቡድኖች ስለ አንደኝነት የሚጨነቁት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዙር 2ኛው ከ7ኛው፣ 3ኛው ከ6ኛው፣ 4ኛው ከ5ኛው ይገናኛሉ። በቀጣዩ ዙር 1ኛው ካለፉት ውስጥ ዝቅተኛ ተራ ከያዘው ጋር ይጫወታል። ሁለቱ የኮንፈረንስ አሸናፊዎች የካቲት ላይ በሱፐር ቦውል ይፋለማሉ።

እኩል ሲሆኑ ማን ይቀድማል?

ሰንጠረዡ የሚደብቀው ትልቁ ነገር እዚህ ነው። በእግር ኳስ እኩል ነጥብ ሲኖር አብዛኛው ሰው ወዲያው የግብ ልዩነትን ያያል። በኤንኤፍኤል አጠቃላይ የነጥብ ልዩነት ከመጨረሻዎቹ መለያዎች አንዱ ነው፤ እስከዚያ የሚደርስ ጉዳይ እምብዛም የለም።

በአንድ ምድብ ያሉ ሁለት ቡድኖች እኩል ካሸነፉ በቅድሚያ የሚታየው እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ነው። አንድ አንድ ከተሸናነፉ በምድባቸው ውስጥ ያላቸው ውጤት ይታያል። እዚያም ካልተለዩ ሁለቱም ከገጠሟቸው የጋራ ተጋጣሚዎች ጋር ያገኙት ውጤት፣ ከዚያ በኮንፈረንሱ ውስጥ ያላቸው ውጤት፣ ከዚያ ያሸነፏቸው ቡድኖች ጥንካሬ ይመዘናል። ዝርዝሩ እየቀጠለ መጨረሻው ሳንቲም መወርወር ነው። ለዋይልድ ካርድ ቦታ ከተለያየ ምድብ የመጡ ቡድኖች ሲፎካከሩ የምድብ ውጤት ይዘለላል፤ እርስ በርስ ካልተገናኙ በቀጥታ ወደ ኮንፈረንስ ውጤት ይኬዳል።

2008 ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ያሳየናል። በኤኤፍሲ ምሥራቅ ማያሚ ዶልፊንስ እና ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሁለቱም 11 አሸንፈው 5 ተሸነፉ። እርስ በርስ አንድ አንድ ተሸናንፈዋል፤ በምድባቸው ውስጥም ውጤታቸው እኩል ነው። የለያቸው የኮንፈረንስ ውጤት ነበር፤ ዶልፊንስ 8 ለ4 (8 ድል፣ 4 ሽንፈት)፣ ፓትሪየትስ 7 ለ5። ፓትሪየትስ ወደ ዋይልድ ካርድ ሲዞር ደግሞ እንደ እሱ 11 ያሸነፈው ባልቲሞር ሬቨንስ በዚያው መለያ፣ በዚያው 8 ለ4፣ ቀደመው። 11 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ቤቱ ቀረ። በዚያው ኮንፈረንስ ምዕራብ ምድብ ሳንዲያጎ ቻርጀርስ እና ዴንቨር ብሮንኮስ 8 ለ8 ሆነው እኩል ጨረሱ። እነሱም አንድ አንድ ተሸናንፈው ነበር፤ ቻርጀርስ ግን በምድቡ ውስጥ 5 አሸንፎ 1 ብቻ ስለተሸነፈ አለፈ። ይህ ቻርጀርስ አንድ ወቅት 4 አሸንፎ 8 ተሸንፎ የነበረ ቡድን ነው!

ተግባራዊ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአጋማሹ ላይ ሁለት ቡድኖች 5 ለ3 ሆነው ጎን ለጎን ቢታዩ፣ የአንደኛው ሦስት ሽንፈት ከሌላኛው ኮንፈረንስ በመጡ ቡድኖች ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። የሌላው ሦስት ሽንፈት በምድቡ ውስጥ ከሆነ ግን አንድ ጨዋታ ወደ ኋላ እንደቀረ ይቆጠር። ምክንያቱም በታኅሣሥ መጨረሻ እኩል ቢሆኑ መለያው አስቀድሞ ተበላሽቶበታል።

አንዳንዴ ደግሞ መለያው ከቡድኑ እጅ ፈጽሞ ይወጣል። በ2024 ራምስ እና ሲሃውክስ ሁለቱም በ10 ድል ሲጨርሱ ምድቡን ያገኘው ራምስ ነው፤ የወሰነውም ያሸነፋቸው ቡድኖች ጥንካሬ ነበር። ይህ መለያ የሚሰላው ያሸነፍካቸው ቡድኖች በዓመቱ ጨዋታዎቻቸው ሁሉ ባገኙት ውጤት ነው። መስከረም ላይ ያሸነፍከው ቡድን ታኅሣሥ ላይ ማሸነፉን ከቀጠለ ያንተ ድል ዋጋው ያድጋል። ሲሃውክስ 10 አሸንፎ ሳያልፍ ቀረ። 10 ድል አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋል፤ ዋስትና ግን አይደለም።

አቻ መውጣትስ? በመደበኛው ውድድር ለ10 ደቂቃ ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው ካልተለዩ አቻ ይጸድቃል፤ ግማሽ ድልና ግማሽ ሽንፈት ሆኖ ይሰላል። መስከረም 2025 ግሪን ቤይ ፓከርስ እና ዳላስ ካውቦይስ 40 ለ40 የተለያዩት እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ይዘነጋል፤ አቻ የወጣ ቡድን ከሌሎች ጋር በትክክል እኩል የመሆን ዕድሉ ስለሚቀንስ ከመለያዎቹ ውስብስብ ስሌት ይወጣል።

8 አሸንፎ ከዜሮ በታች መሆን እንዴት ይቻላል?

ወደ 2022ቱ ቫይኪንግስ እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች 8 አሸንፎ በፊላደልፊያ ኢግልስ ብቻ በ17 ነጥብ ተሸንፎ ነበር። ከስምንቱ ድሎች አንዱ ብቻ ሰፊ ነበር፤ ፓከርስን በ16 ነጥብ የረታበት። የቀሩት ሰባቱ በ4፣ በ3፣ በ7፣ በ8፣ በ8፣ በ3 እና በ3 ነጥብ የተገኙ ናቸው። ይህን ሁሉ ሲደምሩ ልዩነቱ 35 ነበር። በአሥረኛው ጨዋታ ዳላስ ካውቦይስ ወደ ቫይኪንግስ ሜዳ መጥቶ 40 ለ3 አሸነፈውና ዘጠኝ ጨዋታ የሰበሰበው በአንድ ቀን ተሟጠጠ።

ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ 13 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። በ8 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያለቁ 11 ጨዋታዎች ነበሩት፤ ሁሉንም አሸነፈ። ከነዚህ አንዱ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ 33 ለ0 ሲመራው ቆይቶ 39 ለ36 የገለበጠበት ነው፤ በኤንኤፍኤል ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ቀልብሶ ያሸነፈ የለም። የዓመቱ የነጥብ ልዩነት ግን ከዜሮ በታች 3 ነበር። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ኒው ዮርክ ጃይንትስ ወደ ቫይኪንግስ ሜዳ መጥቶ 31 ለ24 አሰናበተው። አሥራ ሁለተኛው ጠባብ ጨዋታ ነበር፤ የተገለበጠውም እሱ ነው።

ጠባብ ጨዋታን ማሸነፍ ችሎታ የለበትም ማለት አይደለም። ጥሩ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ እንዲሁም የማይሳሳት መቺ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ወርቅ ናቸው። ነገር ግን በጠባብ ጨዋታ ውጤቱን የሚቀይሩት ብዙ ጊዜ ቡድኑ የማይቆጣጠራቸው ነገሮች ናቸው። ዋናው ከእጅ ያመለጠ ኳስ ነው። የዚህ ጨዋታ ኳስ ሞላላ ስለሆነ መሬት ላይ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ተጋጣሚን መትቶ ኳስ ማስጣል ችሎታ ነው፤ የወደቀውን ኳስ ማን ያነሳዋል የሚለው ግን በአብዛኛው ዕድል ነው። በስምንት ሳምንት የወደቀውን ሁሉ ያነሳ ቡድን በቀጣዮቹ ዘጠኝ ሳምንታትም እንዲሁ ያነሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ አንድ ቡድን አጋማሹ ላይ 6 ለ2 ከሆነ ሁለት ነገር መፈተሽ ይገባል። የነጥብ ልዩነቱ ስንት ነው? ከድሎቹ ስንቱ በ8 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተገኙ ናቸው? ልዩነቱ ከ50 በላይ ከሆነ ድሎቹ መሠረት አላቸው ብዬ እወስዳለሁ። በዜሮ ዙሪያ ከሆነ ቡድኑን እንደ 4 ለ4 ቡድን ባየው እመርጣለሁ። በግልባጩ 3 ለ5 ሆኖ የነጥብ ልዩነቱ ከዜሮ በላይ የሆነ ቡድን ካለ በሁለተኛው አጋማሽ ሊጠበቅ የሚገባው እሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በስምንት ጨዋታ ውስጥ አንድ 40 ለ3 ስሌቱን ሁሉ ሊያዛባ ስለሚችል ትልቁን ድልና ትልቁን ሽንፈት አውጥቶ እንደገና መደመር ጥሩ ነው።

የጉዳት ዘገባው እንዴት ይነበባል?

ኅዳር ላይ የሚጫወተው ቡድን መስከረም ላይ ያየነው ቡድን አይደለም። ቡድኖች 53 ተጫዋች ያስመዘግባሉ፤ በጨዋታ ቀን የሚሰለፉት ቢበዛ 48 ናቸው። ከዚህ ሌላ 16 የልምምድ ተጫዋቾች አሉ። ከነሱ እስከ ሁለት ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ አውጥቶ ማሰለፍ ይቻላል፤ አንዱ ተጫዋች ግን በአንድ ውድድር ዘመን እንዲህ ሊወጣ የሚችለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ከ53ቱ መካከል ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ለእሑድ ጨዋታ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ማን ሙሉ ልምምድ እንደሠራ፣ ማን በከፊል፣ ማን ጨርሶ እንዳልሠራ በየቀኑ ይፋ ይሆናል። ዓርብ ላይ ሦስት ደረጃ ይወጣል፤ አጠራጣሪ፣ የመሰለፍ ዕድሉ ጠባብ፣ እና የማይጫወት። ረቡዕ አለመሥራት ብዙ አያስደነግጥም፤ አንጋፎች በዚያ ቀን ያርፋሉ። ዓርብ ያልሠራ ተጫዋች ግን እሑድ መግባቱ ያጠራጥራል።

ጉዳቱ ከበድ ያለ ከሆነ ተጫዋቹ ወደ ጉዳተኞች መዝገብ ይገባል። እዚያ የገባ ቢያንስ 4 ጨዋታ ያመልጠዋል። ሲመለስ ልምምድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ ወደ ቡድኑ ካልተመለሰ የዚያ ዓመት ጨዋታው ያበቃል። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ከዚህ መዝገብ መልሶ ማሰለፍ የሚችለው 8 ጊዜ ብቻ ስለሆነ በአጋማሹ ላይ ስንቱን እንደተጠቀመ መቁጠር ይገባል። የጉልበት ዋና ጅማት ወይም የተረከዝ ጅማት ከተበጠሰ ለዚያ ዓመት ተስፋ የለም። የጭን ጀርባ ጡንቻ ጉዳት ቀላል ይመስላል፤ ግን ተጫዋቹ ቀድሞ ከተመለሰ ያገረሻል። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ደግሞ አምስት ደረጃዎች አልፎ፣ ከቡድኑ ገለልተኛ የሆነ ሐኪም ካልፈቀደለት መመለስ አይችልም፤ ይህ መቼም ሊታለፍ የማይገባው ሕግ ነው።

ዜናው ስለ ኮከቦች ያወራል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ግን ኳርተርባኩን የሚጠብቁትን አምስት የመስመር ተጫዋቾች ነው። አንድ ጥሩ ኳስ ተቀባይ ሲጎዳ ሌላ ይተካዋል። ከአምስቱ ሁለቱ ሲጎዱ ግን ኳርተርባኩ ለመወርወር የሚያገኘው ጊዜ ስለሚያጥር ጥቃቱ በሙሉ ይሽመደመዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጎዳው ደግሞ ራሱ ኳርተርባኩ ይሆናል። ኳርተርባክ መጎዳቱ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2017 ኢግልስ ካርሰን ዌንትዝን ታኅሣሥ ላይ አጥቶ፣ ተጠባባቂው ኒክ ፎልስ መርቶት ፓትሪየትስን 41 ለ33 በማሸነፍ ሱፐር ቦውሉን ወሰደ። በዙሪያው ያለው ቡድን ሙሉ ነበር።

የዝውውሩ መዝጊያ ለምን ጫጫታ ይበዛበታል?

ከ2024 ጀምሮ የዝውውሩ በር የሚዘጋው ከዘጠነኛው ሳምንት ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው። እንደ እግር ኳስ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች መግዛት የለም፤ የሚቀያየሩት ተጫዋቾችና ድራፍት ላይ የመምረጥ መብት ናቸው። ድራፍት በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣቶች በሰባት ዙር የሚመረጡበት ሥርዓት ነው፤ ደካማ ውጤት ያለው ቀድሞ ይመርጣል፤ ዕጣ የለበትም። ስለዚህ 1 ለ7 የሆነ ቡድን ጥሩ ተጫዋቹን አሳልፎ ሰጥቶ መብት ሲሰበስብ ለሚቀጥለው ዓመት እየዘራ ነው።

ሁሉም ቡድን በእኩል የደመወዝ ጣሪያ የታሰረ ነው፤ የ2025ቱ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ደመወዝ በየሳምንቱ ስለሚከፈል አጋማሽ ላይ የሚመጣ ተጫዋች ከጣሪያው የሚወስደው የቀሩትን ሳምንታት ድርሻ ብቻ ነው። ውድ ተጫዋቾች ጥቅምት ላይ የሚንቀሳቀሱት ለዚህ ነው።

ዝውውሩ ያዋጣል? በ2021 ራምስ ቮን ሚለርን ከዴንቨር ያመጣው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዙር የመምረጥ መብት ለውጦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሲንሲናቲ ቤንጋልስን 23 ለ20 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2022 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ክርስቲያን ማካፍሪን ካመጣ በኋላ 3 ለ4 ከነበረበት ተነሥቶ አሥር ጨዋታ በተከታታይ በማሸነፍ 13 ለ4 ጨረሰ። ሁለቱም ቀድሞ ጥሩ ቡድን ነበራቸው፤ የጎደላቸው አንድ ቦታ ነበር። ብዙ ቀዳዳ ያለበትን ቡድን አንድ ዝውውር አያድነውም።

ከአጋማሹ በኋላ ስንት ሊለወጥ ይችላል?

ብዙ። በ2023 ኢግልስ ከመጀመሪያዎቹ 11 ጨዋታዎች 10 አሸነፈ። ከቀሩት ስድስት አንድ ብቻ አሸንፎ 11 ለ6 ጨረሰና በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ በታምፓ ቤይ በካኒርስ 32 ለ9 ተሸነፈ። በ2020 ፒትስበርግ ስቲለርስ 11 ለ0 ጀምሮ 12 ለ4 ጨረሰ፤ በመጀመሪያው ዙር ክሊቭላንድ ብራውንስ 48 ለ37 አባረረው። በሌላ በኩል በ2015 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ 1 ለ5 ከሆነ በኋላ ሳይሸነፍ አሥር ተከታታይ ድል አግኝቶ 11 ለ5 ጨረሰ፤ በጥሎ ማለፉም ሂዩስተንን 30 ለ0 ረታ።

ስለዚህ ከቀሩት ጨዋታዎች ውስጥ ስንቱ የምድብ ጨዋታ እንደሆኑ መቁጠር ከሁሉም ይጠቅማል። ከመሪው በሁለት ጨዋታ ወደ ኋላ የቀረ ቡድን ከዚያው መሪ ጋር ገና ሁለት ጨዋታ ከቀረው ዕድሉ በእጁ ነው፤ ሁለቱንም ተጫውቶ ከጨረሰ የሌሎችን እርዳታ ይጠብቃል። የዕረፍት ሳምንቱ አልፏል ወይስ ገና ነው የሚለውም ይታይ። ሐሙስ የሚደረግ ጨዋታ ካለበት ደግሞ ከእሑድ በኋላ ለማገገም አራት ቀን ብቻ እንዳለው ይታሰብ።

ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚከታተል፣ አሜሪካ በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቷን ስለምትቀይር ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ይገፋል። የእሑድ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ከምሽቱ 2 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ይሄዳሉ፤ ሁለተኛዎቹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይጀምራሉ፤ የእሑድ ምሽቱ ትልቅ ጨዋታ ሰኞ ሊነጋ ሲል 10 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። በአውሮፓ የሚደረጉት የጠዋት ጨዋታዎች ከሰዓት ለውጡ በኋላ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣሉ።

የመጨረሻው፣ 18ኛው ሳምንት፣ ጨዋታዎች በሙሉ በአንድ ምድብ ቡድኖች መካከል እንዲሆኑ ተደርገው የተደለደሉ ናቸው። የትኛው ጨዋታ ቅዳሜ፣ የትኛው እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚደረግ የሚታወቀው 17ኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ነው፤ ሊጉ በጣም ወሳኙን ጨዋታ መርጦ እሑድ ምሽት ለብቻው ያስቀምጠዋል። የ2024ቱ የላየንስና የቫይኪንግስ ጨዋታ የተደረገው በዚያ ሰዓት ነበር።